ቅዱስ አትናቴዎስ፡- መንበሩን እንጂ ሃይማኖቱን ያልለቀቀ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 7 ቀን የዕረፍቱን መታሰቢያ የምታከብርለት ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ በማርቆስ መንበር ላይ የተቀመጠ 20ኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። በሹመት ከቆየባቸው 45 ዓመታት ውስጥ 17 ያህሉን ያሳለፈው በስደት ነው። አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተነሣ፤ በአራት ነገሥታት ዘመን ተሰደደ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የተቃዋሚዎቹ ማንነት ነው። የቀደሙት ሰማዕታት የተከሰሱት ጣዖት በሚያመልኩ ገዦች ፊት ነበር። እርሱን የከሰሱት ግን የክህነት ልብስ የለበሱ፣ በጉባኤ የተቀመጡና በክርስቶስ ስም የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከውጭ የሚመጣ መከራ ከማን እንደመጣ ይታወቃል፤ ከቤት የሚነሣ መከራ ግን እጅግ የጸናውን ሰው እንኳ ግራ ያጋባል። ይህ አባት በዚያ ሁሉ ውስጥ እንዴት እንደጸናና አገልግሎቱንም እንዴት እንዳላቋረጠ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቅዱስ አትናቴዎስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእስክንድርያ ተወለደ። የስሙ ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ የማይሞት ማለት ነው። ያደገው ቤተ ክርስቲያን በደም በተፈተነችበት ዘመን ነበር። ተፍጻሜተ ሰማዕት ቅዱስ ጴጥሮስ በ311 በዚያችው ከተማ አንገቱን ለሰይፍ ሲሰጥ አትናቴዎስ ገና ብላቴና ነበር። ስለ ክርስቶስ መሞት ለእርሱ በመጽሐፍ ብቻ የተነበበ ታሪክ ሳይሆን በሚያውቃቸው ሰዎች ላይ የተፈጸመ ነገር ነበር ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፣ ልጆች በባሕር ዳር ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በጨዋታ ሲፈጽሙ አትናቴዎስን ሊቀ ጳጳሳት አድርገውት ነበር። ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ ይህን አይቶ ልጁን ወደ እርሱ አቀረበው፤ አስተማረው፤ በኋላም ዲያቆንና ጸሐፊው አደረገው። አትናቴዎስ በዚህ አባት እግር ሥር ሆኖ መጻሕፍትን ተማረ፤ ስለ ቃል ሥጋ መሆንም ዛሬ ድረስ የሚነበብ መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ፍሬ ሐሳብ ኋላ በሕይወቱ ሁሉ የጠበቀው ነው፦ ሰው በኃጢአት ወደ ጥፋት ሲወርድ ሊያድነው የሚችለው መጀመሪያ የፈጠረው ብቻ ነው፤ ስለዚህም ፈጣሪ ቃል ራሱ ሥጋችንን ለበሰ።

ያላስደራደረው ነገር

በዚያን ጊዜ በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ ተነሥቶ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበትም ጊዜ ነበር እያለ ማስተማር ጀመረ። አርዮስ አንደበተ ርቱዕ ነበር። ትምህርቱን በዜማ አዘጋጅቶ መርከበኞች፣ ወፍጮ የሚፈጩ ሰዎችና መንገደኞች እንዲያዜሙት አደረገ። ክህደቱ ከመቅደስ ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ ወደቡ ወረደ።

በ325 ሊቃውንት በኒቅያ ሲሰበሰቡ ወጣቱ ዲያቆን አትናቴዎስ ሊቀ ጳጳሳቱን ተከትሎ ሄደ። 318ቱ ሊቃውንት አርዮስን አወገዙ፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ፣ በመለኮቱም የተካከለ መሆኑን መሰከሩ። ዛሬም በቅዳሴያችን የምንጸልየው ጸሎተ ሃይማኖት መሠረቱ የተጣለው በዚያ ጉባኤ ነው።

ለቅዱስ አትናቴዎስ ይህ የቃላት ክርክር አልነበረም። ወልድ ፍጡር ከሆነ የምንሰግደው ለፍጡር ነው፤ ጣዖትን ትተን መጣን ማለታችንም ከንቱ ይሆናል። ፍጡር ፍጡርን ከሞት ሊያድነው ስለማይችል ጥምቀታችንና ቁርባናችንም ባዶ ሥርዓት ሆነው ይቀራሉ። ኋላ ስሙ ሲጠፋ፣ ሀገሩን ሲለቅና በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ያልለቀቀው ይህን ነው። ከዚህ ውጭ ባለው ነገር ሁሉ፣ እንደምናየው፣ ታጋሽና ለሰላም የሚተጋ ሰው ነበር።

የሐሰት ክስና የመጀመሪያው ስደት

እለእስክንድሮስ በ328 ዐረፈ። አትናቴዎስም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በሕዝቡ ምርጫ በመንበሩ ተቀመጠ። አርዮሳውያን በኒቅያ ቢረቱም አልተበተኑም ነበር። በንጉሡ ቤት ተሰሚነት የነበረው አውሳብዮስ ዘኒቆምድያ አርዮስን ወደ ቤተ ክርስቲያን አንድነት እንዲመልሰው አትናቴዎስን ጠየቀው። እርሱም አርዮስ ክህደቱን ሳይተው እንደማይቀበለው ቁርጥ አድርጎ ነገረው።

ከዚህ በኋላ ጠላቶቹ በሃይማኖት መርታት ሲያቅታቸው በነውር ሊጥሉት ተነሡ። ከግብፅ የሚሊጦስ ወገኖች ጋር ተባብረው ጽዋ አሰብሯል፣ አርሳንዮስ የተባለውንም ጳጳስ አስገድሎ እጁን ለጥንቆላ አስቆርጧል ሲሉ ከሰሱት። የደረቀ የሰው እጅም ይዘው በየቦታው ያሳዩ ነበር። በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ፊት ይህ ክስ ሲነበብ ቅዱስ አትናቴዎስ አንድ የተሸፋፈነ ሰው ወደ መካከል አስገባ፤ ፊቱንም ገለጠው። ሰውየው ተደብቆ የቆየው አርሳንዮስ ነበር። ከዚያም መጎናጸፊያውን በአንድ ወገን፣ ቀጥሎም በሌላው ወገን ገልጦ ሁለቱን እጆቹን አሳየ፤ ሦስተኛው እጅ ከወዴት እንደተቆረጠ ከሳሾቹ ያስረዱ ዘንድም ጠየቀ።

እውነቱ በዚህ መልክ ቢገለጥም ጉባኤው አልተመለሰም፤ የጽዋውን ክስ ይዞ ከመንበሩ ሻረው። ቅዱስ አትናቴዎስ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ በመንገድ ላይ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስን በፈረሱ እንዳለ አስቁሞ ፍርድ ለመነው። ጠላቶቹ ግን አዲስ ክስ ይዘው ደረሱ፦ ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል አስቀራለሁ ብሏል አሉ። የዋና ከተማው ሕዝብ የሚበላው የግብፅን እህል ነበርና ይህ ወሬ የንጉሡን ልብ አስቆጣ። አባታችንም በዚያን ጊዜ የጋሊያ ክፍል ወደነበረችው፣ ዛሬ በጀርመን ወደምትገኘው ትሪየር ተጋዘ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሐሰት ሲገለጥ ከሳሽ ሁልጊዜ አያፍርም፤ ንጹሕ ሰውም ሁልጊዜ ወዲያው ነጻ አይወጣም። ቅዱስ አትናቴዎስ አርሳንዮስን በሕይወት አቁሞ እያሳየ እንኳ ተፈርዶበታል። ቢሆንም ሰዎች እውነትን አልተቀበሉም ብሎ እውነትን አልተወም። በግዞት ሳለም ከሩቅ ለመንጋው ይጽፍ ነበር። ቆስጠንጢኖስ በ337 ካረፈ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ መንበሩ ተመለሰ።

በሮም ያፈራው ስደት

ዕረፍቱ አጭር ነበር። የምሥራቁን ክፍል የወረሰው ቆንስጣንዲዮስ ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለ ንጉሥ ነበርና በ339፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ ጎርጎርዮስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው በወታደር ታጅቦ በእስክንድርያ መንበር ላይ ተቀመጠ። አብያተ ክርስቲያናት ተደፈሩ፤ ምእመናን ተደበደቡ። ቅዱስ አትናቴዎስ ወደ ሮም ተሰደደ።

የሮም ሊቀ ጳጳሳት ዮልዮስ በክብር ተቀበለው፤ ጉባኤ ሰብስቦም ንጽሕናውን መሰከረለት። በ343 በሰርዲቃ፣ በዛሬዋ ሶፊያ፣ የተሰበሰቡ አባቶችም ይህንኑ አጸኑ። በዚህ ስደት ሌላም ፍሬ ተገኘ። የሮም ሰዎች ከእርሱና አብረውት ከነበሩት የግብፅ መነኮሳት ስለ አባ እንጦንስና ስለ አባ ጳኩሚስ ሕይወት ሰሙ፤ ምንኩስና በምዕራቡ ዓለም መታወቅ የጀመረውም ከዚህ ወዲያ ነው። ጠላቶቹ ከአንድ ከተማ ሲያስወጡት የበረሃውን አባቶች ዜና ወደ ሌላ ዓለም እንዲያደርስ ምክንያት ሆኑ።

በስደት ሰባት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ የምዕራቡን ክፍል የሚገዛው የንጉሡ ወንድም ስለ ረዳው፣ በ346 ተመለሰ። የእስክንድርያ ሕዝብ ከከተማው ርቆ ወጥቶ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። በእነዚያ ወራት የነበረውን መንፈሳዊ መነቃቃት እርሱ ራሱ ጽፎታል፦ ብዙ ወጣቶች የምንኩስናን ሕይወት መረጡ፤ ባልቴቶችና የሙት ልጆች ጎራሽና አልባሽ አገኙ፤ በየቤቱ ከሚደረገው ጸሎት የተነሣም እያንዳንዱ ቤት ቤተ ክርስቲያን መሰለ።

የአክሱም መንበር

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚህ አባት ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ከጢሮስ ከተማ የመጣውና በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስ ወደ አገሩ መመለስ በተፈቀደለት ጊዜ ባልንጀራው ወደ ጢሮስ ሲሄድ እርሱ ወደ እስክንድርያ ወረደ። በአክሱም ያሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸውም ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስ ከጳጳሳቱ ጋር ከመከረ በኋላ ለዚህ አገልግሎት ከፍሬምናጦስ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ አይቶ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ላከልን። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን እንጠራዋለን። ከጢሮስ ለአትናቴዎስ የሐሰት ፍርድ ወጣበት፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ የመጀመሪያው ጳጳስ ተገኘላት።

የአርዮሳውያን ተቃውሞ እስከ አገራችን ደርሷል። ቅዱስ አትናቴዎስ ለሦስተኛ ጊዜ ከተሰደደ በኋላ ቆንስጣንዲዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና፣ በእኛ ትውፊት አብርሃና አጽብሓ ተብለው ለሚታወቁት፣ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ስለሆነ በእስክንድርያ በተተካው በጊዮርጊስ ዘቀጰዶቅያ ፊት ቀርቦ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ ግብፅ ይላክ የሚል ነበር። ይህ ደብዳቤ ለእኛ የደረሰው ራሱ አትናቴዎስ ለንጉሡ ባዘጋጀው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስላስገባው ነው። የሮም ግዛት አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ለንጉሡ ፈቃድ እጅ ሲሰጡ፣ በአክሱም የተተከለችው ለጋ ቤተ ክርስቲያን ግን ከኒቅያ አባቶች ሃይማኖት አልወጣችም። ዛሬ በቅዳሴ ቆመን ወልድን ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በእኩልነት ስናመሰግን ያ የጸና አደራ በእጃችን እንዳለ ልናስተውል ይገባል።

የቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ሌሊት

በ355 በሚላን በተሰበሰበ ጉባኤ ንጉሡ ጳጳሳቱን በአትናቴዎስ ላይ እንዲፈርሙ አስገደዳቸው፤ እንቢ ያሉት ተጋዙ። በቀጣዩ ዓመት በየካቲት ወር፣ ምእመናን በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለሌሊት ጸሎት ተሰብስበው ሳለ፣ ወታደሮች ከበቧቸው። እርሱ እንደጻፈው ቁጥራቸው ከ5,000 ይበልጥ ነበር።

ቅዱስ አትናቴዎስ መንጋውን በዚያ ድንጋጤ ትቶ መሸሽን አልወደደም። በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑ መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም የእግዚአብሔርን ምሕረት ዘለዓለማዊነት እያነሡ እንዲቀበሉ አዘዘ፤ ከዚያም በሰላም ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ነገራቸው። በሮቹ ተሰብረው ሰይፍና ቀስት ወደ ውስጥ ሲገባ ካህናቱ እንዲያመልጥ ለመኑት፤ እርሱ ግን ሕዝቡ ሳይወጣ እንደማይወጣ ነገራቸው። ብዙው ሕዝብ ከወጣ በኋላ መነኮሳትና ካህናት ይዘው በወታደሮቹ መካከል አሳለፉት። ሳያዩት አለፈ፤ ይህንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ቈጠረው።

ተቃዋሚዎቹ ፈሪ ነው፣ ሸሸ ብለው ሲዘብቱበት ስለ ስደቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጀ። ያዕቆብ ከዔሳው፣ ሙሴ ከፈርዖን፣ ዳዊት ከሳኦል ፊት እንደሸሹ፣ ጌታም ጊዜው ሳይደርስ ከሚገድሉት እንደተሰወረ አስረዳ። በዚህም ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ትምህርት ተወ። ሰማዕትነትን በድፍረት መሻት ጽናት አይደለም፤ ለመንጋው በሕይወት መቆየት በሚያስፈልግበት ጊዜ መሰደድም ክህደት አይደለም። የሚነቀፈው ነፍሱን ለማትረፍ ሃይማኖቱን የሚጥል እንጂ ሃይማኖቱን ለመጠበቅ ቤቱን የሚጥል አይደለም።

በረሃ የሆነው መንበር

ቀጣዮቹን ስድስት ዓመታት ያሳለፈው በግብፅ ገዳማትና በረሃዎች ነበር። መነኮሳቱ ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው እያሸጋገሩ ሰወሩት። አባ እንጦንስ ቀደም ሲል በእርጅናው ከበረሃ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በአርዮሳውያን ላይ መስክሮለት ነበር፤ በ356 ሲያርፍም ልብሱን ለእርሱ ተወለት።

መንበሩን ያጣው እረኛ በስውር ብዕሩን አነሣ። ከትላልቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹ የተጻፉት በእነዚህ ዓመታት ነው። የአባ እንጦንስን ገድል ጻፈ፤ ይህም መጽሐፍ በየአገሩ ብዙዎችን ወደ ምንኩስና መራ። ለጳጳሱ ሰራፕዮን በላካቸው መልእክታት መንፈስ ቅዱስን ፍጡር ለሚሉት መልስ ሰጠ። አሳዳጆቹ ዝም ሊያሰኙት በፈለጉበት ወቅት ድምፁ ከቀድሞው ርቆ ተሰማ።

በዚያው ጊዜ ብዙ የታወቁ አባቶች በማስፈራሪያና በእንግልት ደክመው ፈረሙ። ከኒቅያ ጉባኤ ታላላቅ አባቶች አንዱ የነበረው ኦስዮስም በጥልቅ እርጅናው ተገድዶ እጅ ሰጠ። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለዚህ ሽማግሌ ሲጽፍ አልረገመውም፤ በግፍ የተጨነቀ ሽማግሌ እንደነበረ እያስታወሰ በሐዘኔታና በክብር አነሣው። የጸና ሰው የወደቀውን በንቀት ሲያይ ጽናቱ ወደ ትዕቢት ይለወጣል፤ አባታችን ከዚህ ራሱን ጠብቋል።

ለሰላም የተጋ ተዋጊ

ቆንስጣንዲዮስ በ361 ሞተ። አዲሱ ንጉሥ ዑልያኖስ የተጋዙት ጳጳሳት ሁሉ እንዲመለሱ ስለፈቀደ አትናቴዎስ በ362 ወደ መንበሩ ተመለሰ። ሰው በቀል ይጠብቅ ይሆናል፤ እርሱ ግን ጉባኤ ጠራ። በግዴታ ፈርመው የነበሩት የኒቅያን ሃይማኖት ከመሰከሩና መንፈስ ቅዱስን ፍጡር ማለትን ካወገዙ በፍቅር እንዲቀበሏቸው ወሰነ። በአንድ የግሪክ ቃል አጠቃቀም ተለያይተው የነበሩ፣ አንዱ ወገን ሦስት ሌላው አንድ የሚሉ፣ ኦርቶዶክሳውያንም ነበሩ። እርሱ ሁለቱንም ጠርቶ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። የፊተኞቹ የሥላሴን የአካል ሦስትነት፣ የኋለኞቹ የባሕርይ አንድነትን መናገራቸው መሆኑን ሲረዳም አስታረቃቸው። ለቃል ሳይሆን ለእውነት የሚሟገት ሰው ይህን ማድረግ ይችላል።

ዑልያኖስ ክርስትናን የካደ ንጉሥ ነበርና አትናቴዎስ አሕዛብን ማጥመቁን ሲሰማ በዚያው ዓመት ዳግመኛ አሳደደው። የሚያለቅሱትን ምእመናን ይህ ቶሎ የሚያልፍ ትንሽ ደመና መሆኑን ነግሮ አጽናናቸው። በዓባይ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሸሽ አሳዳጆቹ እየቀረቡ መሆናቸውን በሰማ ጊዜ ጀልባዋን ወደ እነርሱ እንዲመልሷት አዘዘ። አሳዳጆቹም ሳያውቁት አትናቴዎስን አይታችሁታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሩቅ እንዳልሆነና እንዲፈጥኑ ተነገራቸው፤ እነርሱም እየቀዘፉ አለፉት። ዑልያኖስ በ363 በጦርነት ሞተ፤ ደመናውም አለፈ።

አምስተኛው ስደት በንጉሥ ቫሌንስ ዘመን በ365 መጣ፤ አራት ወር ያህል ቆየ። ሕዝቡ ስለ እረኛው አልታገሥ ስላለ በ366 ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ሰባት ዓመታት በመንበሩ ሆኖ አስተማረ። በ367 በላከው የፋሲካ መልእክት ውስጥም 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘረዘረ። በ373 በግንቦት ወር በሰላም ዐረፈ። ሊገድሉት የፈለጉት ብዙዎች ሳሉ፣ በራሱ ከተማና በራሱ ሕዝብ መካከል ማረፉ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ለእኛ

ቅዱስ አትናቴዎስ ለቤተ ክርስቲያናችን ባለውለታዋ ነው። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ትምህርቱም በሃይማኖተ አበው ተካትቶ ይገኛል። ቅዳሴውን ስንሰማ የምንሰማው በመከራ የተፈተነ አባት ስም መሆኑን አንርሳ።

በአገልግሎት ላይ ያለን ሁላችን ተቃውሞ ይገጥመናል። አንዳንዱ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዱ በሰበካ ጉባኤ፣ አንዳንዱም በገዛ ቤተሰቡ መካከል ይፈተናል። ብዙ አገልጋዮች የወጡት የውጭ ሰይፍ በርትቶባቸው ሳይሆን የወንድም ቃል ልባቸውን ስላቆሰለው ነው። የዚህ አባት ሕይወት በእንዲህ ያለ ጊዜ ራሳችንን እንድንጠይቅ ያደርገናል። የምንሟገተው ስለ ክርስቶስ ክብር ነው ወይስ ስለ ራሳችን ወንበር? ስለ ወንበር ከሆነ ብንለቀው አንጎዳም። ስለ ሃይማኖት ከሆነ ግን ወንበሩ ሲወሰድብን አገልግሎታችን አብሮ መወሰድ የለበትም። አትናቴዎስ በትሪየር ጸለየ፤ በሮም መሰከረ፤ በበረሃ ጻፈ፤ በመንበሩ ሲቀመጥም የበደሉትን ተቀበለ። መድረክ የተነፈገ ሰባኪ አንድ ሕፃን ሊያስተምር ይችላል፤ ስሙ የጠፋበት አገልጋይም ስለ ስም አጥፊዎቹ ሊጸልይ ይችላል።

ደመና ያልፋል፤ ፀሐዩ ክርስቶስ ግን አያልፍም። በዚህ እምነት የጸናውን አባታችንን ያጸና አምላክ እኛንም እስከ ፍጻሜ ያጽናን። የቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊና የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።